ልጆቻችን የሚሰሙት ምት ከየት መጣ? ከ«አሜን» መዝሙር እስከ ዳብ ኮሎሰስ



በገበያ ቀን እዚህ አዘና ላይ ከባጃጁ፣ ከሻይ ቤቱና ከሞባይል ጠጋኙ ደጃፍ የሚወጣውን ሙዚቃ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ዘፋኙ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው፤ ምቱ ግን የእኛ አገር ከበሮ ብቻ አይደለም። በውስጡ ሬጌ አለ፣ ሂፕ ሆፕ አለ፣ በኮምፒውተር ተቆራርጦ እንደገና የተገጣጠመ ድራም አለ። ልጆቻችን ይህንኑ በስልካቸው ጭነው በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙታል። እሁድ ደግሞ ያው ልጅ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ኪቦርዱ ላይ የሬጌ ስታይል ሲጫን ከሽማግሌዎች ወንበር በኩል ግንባር ይቋጠራል።

ብዙ ጊዜ ወላጆችም ሆንን አገልጋዮች ለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት መልስ ብቻ ነው ያለን። አንዳንዶቻችን «ይህ የሰይጣን ምት ነው» ብለን በሩን እንዘጋለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» ብለን እንተወዋለን። ሁለቱም መልሶች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ነገሩን ሳይመረምሩ የተሰጡ ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ሁሉን እንድንፈትንና መልካም የሆነውን እንድንይዝ አዞናል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። የማያውቁትን ነገር ደግሞ መፈተን አይቻልም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ይህ ድብልቅ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራውና ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። እንደ ምሳሌ የምንወስደው አዲስ አበባ ላይ የተወለደ አንድ ባንድ ነው። (ዓመታቱ በሌላ መልክ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዳብ ኮሎሰስ ማን ነው?

በ2006 ኒክ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋችና አቀናባሪ ከአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ጋር መሥራት ጀመረ። በሙያው ዓለም ዱቡላ በሚለው ስም ይታወቅ ነበር። ከዚያ በፊት በለንደን ትራንስግሎባል አንደርግራውንድ የተባለውን የዳንስ ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ነበር። ያ ባንድ በ1990ዎቹ የኤሌክትሮኒክ ድራምን፣ ሂፕ ሆፕንና የጃማይካን ሬጌ ከእስያ፣ ከአረብና ከአፍሪካ ዜማ ጋር እየቀላቀለ ይጫወት ነበር።

ዱቡላ አዲስ አበባ ላይ ያገኛቸው ሙዚቀኞች ጀማሪዎች አልነበሩም። ድምፃውያኑ ስንታየሁ ዘነበ እና ፀደንያ ገብረማርቆስ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ሳሙኤል ይርጋ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፈለቀ ኃይሉ፣ እንዲሁም ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ አብረውት ሠሩ። ሥራው ዳብ ኮሎሰስ የሚል ስም ወጣለት። «ዳብ» የሬጌ አንድ ዘርፍ ነው፤ «ኮሎሰስ» ደግሞ ግዙፍ ሐውልት ማለት ነው። የመጀመሪያው አልበም በ2008 ሪል ወርልድ በተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ታትሞ ወጣ፤ ርእሱም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አዲስ የምትባል ከተማ» እንደማለት ነው። በ2011 እና በ2014 ሌሎች አልበሞች ተከተሉት። ሳሙኤል ይርጋም በ2012 «ጉዞ» የተባለ የራሱን አልበም በዚያው አሳታሚ በኩል አወጣ። ኒክ ፔጅ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

በዚህ ባንድ ሥራ ውስጥ ትዝታና አምባሰል፣ ሬጌና ስካ፣ ጃዝና የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንድ የእኛ አገር ሰው ሲሰማው መጀመሪያ «ይህ የእኛ ነው» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አይ፣ የእኛ አይደለም» ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የተቀላቀሉትን ነገሮች አንድ በአንድ እንይ።

2. ብሬክቢት ምንድን ነው?

ስሙ ቢከብድም ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉባኤው በመዝሙር በሚግልበት ሰዓት የዝማሬ መሪው እጁን ያነሣና ኪቦርዱም ጊታሩም ዝም ይላሉ፤ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሕዝቡ የበለጠ ይነሣሣል፤ እልልታውም ያን ጊዜ ነው የሚደምቀው። በአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ውስጥም ይህ አሠራር አለ። ዜማው ቆሞ ድራሙ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ «ብሬክ» ይሉታል። ከዚያ የተወሰደው የድራም ምት ነው እንግዲህ ብሬክቢት የሚባለው።

ይህን ነገር ራሱን የቻለ ሙዚቃ ያደረገው ጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ክላይቭ ካምፕቤል የተባለ ወጣት ነው፤ ዲጄ ኩል ኸርክ በሚል ስም ይታወቃል። ነሐሴ 11 ቀን 1973 ብሮንክስ በተባለው የድሆች ሰፈር እኅቱ ሲንዲ ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰውን ለመግዛት ገንዘብ ፈልጋ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ግብዣ አዘጋጀች፤ ሙዚቃውን የሚያጫውተው እሱ ነበር። ወጣቶቹ በጣም የሚጨፍሩት ድራሙ ብቻውን ሲቀር መሆኑን ኸርክ አስተውሎ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቦታ በሸክላው ላይ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ገዝቶ በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረጋቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመጀመሪያው እያስጀመረ ያችን ጥቂት ሴኮንድ ወደ ብዙ ደቂቃ ዘረጋት። በዚያ ላይ በማይክሮፎን ይናገርበት ነበር፤ ይህን ደግሞ በትውልድ አገሩ በጃማይካ የመንገድ ዳር ሙዚቃ አጫዋቾች ሲያደርጉት አይቷል። ሂፕ ሆፕ የምንለው ነገር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው።

በ1980ዎቹ ደግሞ ሳምፕለር የሚባል መሣሪያ ተስፋፋ። ሳምፕለር ከማናቸውም ቅጂ ላይ የተፈለገውን ድምፅ ቆርጦ ይይዛል፤ ከዚያም እንደተፈለገ አፍጥኖ ወይም አዝግሞ ሳያቋርጥ ይደጋግመዋል። ከዚያ ወዲህ ድራም ተጫዋች መቅጠር አስፈላጊ መሆኑ ቀረ። አንድ ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ከሃያ ዓመት በፊት የተቀዳን ድራም ቆርጦ አዲስ ሙዚቃ መሥራት ቻለ።

3. ስድስት ሴኮንድ ከ«አሜን» መዝሙር

በዚህ መንገድ ከተቆረጡት ድራሞች ሁሉ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ከተደጋገሙት አንዱ «የአሜን ብሬክ» ተብሎ ይጠራል። ስሙ በአጋጣሚ የወጣ አይደለም። መነሻው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው።

«አሜን» በአሜሪካ ጥቁር ክርስቲያኖች ዘንድ የሚዘመር የቆየ መዝሙር ነው። ጄስተር ሄይርስተን የተባለ የመዘምራን መሪ አቀናብሮት በ1963 በወጣው «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ» በተባለ ፊልም ውስጥ ተዘመረ፤ የፊልሙ ታሪክም ለመነኮሳይት የጸሎት ቤት ስለሚሠራ አንድ ሠራተኛ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኢምፕሬሽንስ የተባለው ቡድን መዝሙሩን በሸክላ አስቀርጾ በአገሩ ሁሉ አሰማው። በ1969 ደግሞ የዋሽንግተኑ የዊንስተንስ ባንድ አንድ ዘፈን ቀርጾ ለሸክላው ጀርባ የሚሆን ሥራ ሲፈልግ ያንን የ«አሜን» ዜማ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ ተጫወተው። ርእሱንም «አሜን፣ ብራዘር» አሉት።

በዚያ ቅጂ መካከል ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ይሉና ግሪጎሪ ኮልማን የተባለው ድራም ተጫዋች ብቻውን ይመታል። ርዝመቱ ከስድስት እስከ ሰባት ሴኮንድ ቢሆን ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ1986 ይህ ቅጂ ለዲጄዎች ተብሎ በተዘጋጀ የሸክላ ስብስብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሂፕ ሆፕ ሠሪዎች ቆረጡት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በእንግሊዝ አገር የጃማይካ ስደተኞች ልጆችና ነጮች ጓደኞቻቸው አፍጥነው ቆራረጡት፤ ከሥሩ የሬጌ ቤዝ ጨመሩበትና «ጃንግል» የተባለ አዲስ ሙዚቃ ሠሩ። ያቺ ስድስት ሴኮንድ በሺዎች በሚቆጠሩ ሥራዎች ውስጥ ገብታለች፤ በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ፕሮግራም መግቢያ ላይ ሳይቀር ትሰማለች። ማን እንደመታት የሚያውቅ ግን እምብዛም አልነበረም።

4. ያልተከፈለው ደመወዝ

ወገኖች ሆይ፣ ቆም ብለን ልናስብ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ግሪጎሪ ኮልማን ከእነዚያ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሥራዎች አንድ ሳንቲም እንኳ ሳያገኝ በ2006 በአትላንታ ከተማ ሞተ። ሲሞት ቤት አልባ ነበር። በሀብታም አገር፣ የእጁ ሥራ በየጭፈራ ቤቱና በየመኪናው ድምፅ ማጉያ በሚጮህበት ዘመን፣ እሱ የሚያድርበት አልነበረውም። የባንዱ መሪና የቅጂው መብት ባለቤት ሪቻርድ ስፔንሰርም ነገሩን ያወቀው በ1996 ገደማ ነው፤ ያኔ የአገሩ ሕግ ለክስ የፈቀደው ጊዜ አልፏል። በ2015 አንድ እንግሊዛዊ ዲጄ በኢንተርኔት ባደረገው ጥሪ ሰዎች በፈቃዳቸው አዋጥተው 24 ሺህ ፓውንድ ያህል ሰበሰቡለት። ስፔንሰር በ2020 ዐረፈ። ለኮልማን ግን ያ ገንዘብ አልደረሰለትም።

ሐዋርያው ያዕቆብ እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች የተከለከሉት ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። እኛ ስለዚህ ሙዚቃ ስንከራከር የምንጠይቀው «ምቱ ርኩስ ነው ወይስ ንጹሕ?» ብለን ነው። ምቱ ግን የተወሰደው ከ«አሜን» ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ኃጢአት የምንፈልግ ከሆነ በከበሮው ላይ አናገኘውም፤ የምናገኘው የከበሮ መቺው ድካም ሳይከፈል በቀረበት ቦታ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ የአሜሪካኖች ችግር ብቻ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመዝሙርንም የዘፈንንም ሥራ ከሠሪው ፈቃድ ውጭ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ሆኖም የዘማሪዎቻችን አልበም ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽና ወደ ሚሞሪ ካርድ እየተገለበጠ ሲሸጥ እኛው አማኞች ገዢዎች ነን። «ለወንጌል ነው፣ ይሰራጭ» እንላለን። ዘማሪው በነፃ ከሰጠ መልካም ነው፤ የመስጠት መብቱ ግን የእሱ ነው እንጂ የገልባጩ አይደለም። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ያስተምራል (1ኛ ጢሞ. 5፥18)።

5. ስካና ሬጌ፦ የአንዲት መነኩሲት ተማሪዎች

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ምንጭ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ወደመጣባት ወደ ጃማይካ እንሂድ። ስካ የሬጌ ታላቅ ወንድም ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃማይካ ሙዚቀኞች የአሜሪካን ጃዝና ብሉዝ ከአገራቸው ዜማ ጋር ቀላቅለው ሠሩት። ምቱን ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላችሁ በእግራችሁ መሬቱን ምቱ፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል፣ እግራችሁ ወደ ላይ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ አጨብጭቡ። ጊታሩና ፒያኖው የሚመቱት እዚያ ላይ ነው። ስካ ፈጣን ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ምቱ ዘገም አለ፤ በ1968 ገደማ ደግሞ ሬጌ የሚለው ስም ወጣ።

ስካን ያስፋፋው ታላቁ ባንድ በ1964 የተመሠረተው ስካታላይትስ ነው። ከመሥራቾቹ አራቱ፣ ትሮምቦን ተጫዋቹን ዶን ድራሞንድንና ሳክስፎን ተጫዋቹን ቶሚ ማኩክን ጨምሮ፣ ያደጉት በአንድ ቤት ነው። ኪንግስተን ውስጥ አልፋ የተባለ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበር፤ የሚያስተዳድሩትም የካቶሊክ መነኮሳይት ነበሩ። ወላጅ ያጡ፣ የተቸገሩ፣ ያስቸገሩም ልጆች ወደዚያ ይገቡ ነበር። ሲስተር ኢግናቲየስ የተባሉ መነኩሲት ከ1939 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 2003 ድረስ በዚያ አገለገሉ፤ ለልጆቹ ሙዚቃ ትልቅ ፍቅር ነበራቸው። ልጆቹ በነሐስ መሣሪያ ባንድ ተደራጅተው ኖታ ማንበብን ተማሩ። ከዚያ የወጡት ወጣቶች ናቸው እንግዲህ የአንዲትን ደሴት ሙዚቃ ለዓለም ያሰሙት።

ዳብ የተባለው ዘርፍ የመጣውም ከተራ የእጅ ሙያ ነው። ኪንግ ተቢ የሚባለው ሰው ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነበር። የተቀዳን ዘፈን ወስዶ የዘፋኙን ድምፅ ያወጣዋል፤ ቤዙንና ድራሙን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በላዩ ላይ የገደል ማሚቶ የመሰለ ድምፅ ይጨምርበታል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚሠራው ሪሚክስ ሁሉ የዚህ ጠጋኝ ባለ ዕዳ ነው። ዱቡላ ባንዱን ዳብ ኮሎሰስ ያለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

6. ሬጌና ኢትዮጵያ፦ ቃሉን መመርመር

እስካሁን ስለ ምት ነው የተናገርነው። ሬጌ ግን ምት ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ይዞ መጥቷል፤ ትምህርቱ ደግሞ በቀጥታ የሚመለከተው እኛን ኢትዮጵያውያንን ነው።

በ1930 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ በጃማይካ የሚኖሩ አንዳንድ ድሆች ጥቁሮች ከባርነት ዘር በመጣው ጭቆናቸው መካከል ሆነው ዜናውን ሰሙ። በአፍሪካ የነገሠ ጥቁር ንጉሥ መኖሩ ለእነርሱ ታላቅ ተስፋ ነበር። ይሁን እንጂ ከተስፋ አልፈው ንጉሡን አምላክ አሉት፤ ራስ ተፈሪ በሚለው በቀድሞ ስማቸውም ራስታፈሪያን ተባሉ። ንጉሡ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ጃማይካን ሲጎበኙ ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቀው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሬጌ ዘፈኖች ይህን እምነት ይሰብካሉ። በሻሸመኔም ንጉሡ ወደ አፍሪካ ለመመለስ ለሚፈልጉ ጥቁሮች በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩ ራስታዎች አሉ።

ንጉሡ ራሳቸው ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነበሩ። በዚያው በ1966፣ ጃማይካን በጎበኙ በስድስተኛው ወር፣ በርሊን ላይ በተደረገው የዓለም የወንጌል ስርጭት ጉባኤ ተገኝተው የመክፈቻ ንግግር አድርገዋል፤ ጉባኤው ቢሊ ግራሃምና ባልደረቦቹ የጠሩት ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሚያዝያ አምላክ ሲባል፣ በጥቅምት ደግሞ ስለ ክርስቶስ በተጠራ ጉባኤ ላይ ቆሞ ሲናገር እናያለን። በልስጥራን ሰዎች ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ብለው ሊሠዉላቸው በተነሡ ጊዜ ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀድደው እንደ ከለከሏቸው እናስታውሳለን (ሐዋ. 14፥11-15)። ሰውን በጣም ስለምናከብረው አምላክ ልናደርገው አይገባም።

የሬጌ ታላቁ ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1978 ሻሸመኔን ጎበኘ። በሕመም ላይ ሳለም በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ነበር፤ በግንቦት 1981 ሞተ። ይህን የምጠቅሰው የሰውየውን ነፍስ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ከዘፈኖቹ ባሻገር ልጆቻችን ይህንንም ቢያውቁ መልካም ነው።

ስለዚህ ሬጌን በተመለከተ መልሳችን ሁለት ክፍል አለው። ምቱ ከመነኮሳይት ትምህርት ቤት ልጆች እጅ የወጣ ነው፤ በእሱ «ጌታ መልካም ነው» ብሎ መዘመር ይቻላል፤ ዘማሪዎቻችንም ሲዘምሩበት ኖረዋል። ቃሉ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ይመረመራል። አንዱ ስለ ድሆች ፍትሕ ይጮኻል፤ ይህ ከነቢያት ጩኸት ብዙ አይርቅም። ሌላው ሰውን ያመልካል፤ ሦስተኛው ሱስ የሚያስይዝ ቅጠልን ያወድሳል። እነዚህን ሁሉ «ሬጌ» ብሎ በአንድ ስም መጣል ወይም መቀበል ስንፍና ነው።

7. በአዲስ አበባ ሲገናኙ

የነሐስ መሣሪያ በጃማይካ በተቸገሩ ልጆች እጅ እንደገባ አይተናል። በእኛም አገር ታሪኩ የሚገርም መመሳሰል አለው። በ1924 ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ቤተ ክርስቲያን የሚያድጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ያጡት በቱርክ በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ነው። ራስ ተፈሪም ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው ይታወቃሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የዘመናዊ ባንድ ሙዚቃ በአገራችን ሥር እንዲሰድ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው እነዚህ ናቸው።

ዳብ ኮሎሰስ ውስጥ የኢትዮጵያ ሳክስፎንና የጃማይካ ስካ ሲገናኙ ቶሎ የተግባቡት ስለዚህም ይመስለኛል፤ ሁለቱም የነሐስ ባንድ ልጆች ናቸው። ችግር የነበረው በምቱ ላይ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ሬጌ ግን በአራት ይቆጠራል። በመዝሙር ቤትም ይህን እናውቃለን፤ የችክችካ መዝሙር ላይ የሬጌ ስታይል ብትጭኑ ጉባኤው ጭብጨባው ይጠፋበታል። ስለዚህ አቀናባሪው ወይ ዜማውን ወደ አራት ያመጣዋል፣ ወይ ሁለቱን እየተጠላለፉ እንዲሄዱ ያደርጋል። ዜማው ግን በአምስት ድምፅ በተሠራው ቅኝታችን ላይ ይቆያል፤ «ይህ የእኛ ነው» የሚያሰኘን እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በስፋት ይዘውታል። ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የብሔረሰቦችን ምት ከኤሌክትሮኒክ ዳንስ ጋር አዋሕዶ ብዙ ወጣቶችን አስከተለ፤ ቀጣዩም አልበሙ በ2022 ወጣ። በአዘና ባጃጅ ውስጥ የምንሰማው ምት እንግዲህ ከብሮንክስ፣ ከኪንግስተን፣ ከለንደንና ከአዲስ አበባ ዞሮ የመጣ ነው ማለት ነው።

8. እንግዲህ ምን እንበል?

መጽሐፍ ቅዱስ በገናና መለከት ለሚይዙ ሁሉ አባት ዩባል እንደነበር ይነግረናል (ዘፍ. 4፥21)። ዩባል የማን ዘር ነው? የቃየን ዘር ነው። ይሁን እንጂ ዳዊት በገናን «ከቃየን ቤት የወጣ ነው» ብሎ አልጣለም፤ እግዚአብሔርን አመሰገነበት፤ ሳኦልንም አጽናናበት። «አሜን» ደግሞ በተቃራኒው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጭፈራ ቤት ሄደ። ስለዚህ የአንድ ምት ምንጭ ብቻውን ቅዱስም ርኩስም አያደርገውም።

ልጆቻችንን ስናነጋግር ከ«ዝጋው!» ይልቅ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አብረን ብንጠይቅ ይሻላል።

አንደኛ፦ ቃሉ ምን ይላል? ልጁ የሚሰማውን ዘፈን ግጥም እንዲነግራችሁ ጠይቁት። በእንግሊዝኛ ከሆነ እንዲተረጉምላችሁ አድርጉ። ብዙ ልጆች ግጥሙን ለአባታቸው በአማርኛ ሲተረጉሙ ያኔ ገና ምን እንደሚሰሙ ያስተውላሉ።

ሁለተኛ፦ የሠራው ሰው ድርሻውን አግኝቷል? ይህ ጥያቄ መዝሙርንም ይጨምራል። ኪቦርድ ተጫዋቹንና ዘማሪውን ለጉባኤ ከሩቅ አስጠርተን የትራንስፖርት እንኳ ሳንሰጥ «ጌታ ይክፈልህ» ብለን የምንሸኝ ከሆነ በግሪጎሪ ኮልማን ላይ የደረሰውን በትንሹ እየደገምነው ነው።

ሦስተኛ፦ ወዴት ይወስደዋል? ሙዚቃው ልጁን ከሥራው፣ ከእንቅልፉ፣ ከጸሎቱና ከቤተሰቡ የሚለየው ከሆነ ቃሉ ንጹሕ ቢሆንም ችግር አለ። ወደ መጠጥ ቤትና ወደ ጫት ቤት የሚወስደው ከሆነ ጉዳዩ የምት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

በመጨረሻም ለሽማግሌዎችና ለዝማሬ አገልግሎት ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ኪቦርዱ ላይ አዲስ ስታይል ሲሞክር ከመድረክ ከማውረዳችሁ በፊት አስቀምጡትና አነጋግሩት። አልፋ ትምህርት ቤት የገቡ አስቸጋሪ ልጆች መሣሪያ የሚሰጣቸውና የሚያዳምጣቸው ሰው ስላገኙ ሰው ሆነዋል። እኛ የማናዳምጠውን ልጅ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ማን እንደሚሆን ግን እኛ አንመርጥም።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።